ግፊታቸው ሳይለካ «ተፈትሿል» ተብለው ስለተገጠሙ አራት የናፍጣ ኖዝሎች

ለናፍጣ ፓምፕና ኖዝል ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ላይ የተቀየሩት ኖዝሎች እንደገና እንዲሠሩልንና ያስከተሉት ወጪ እንዲተካልን ስለመጠየቅ

ፎር ቢዲ ዋን ሞተር ያለው አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር መኪናችን በድርጅታችሁ አራቱም ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ) ተቀይሮለት፣ በእናንተው ሠራተኞች ተገጥሞ ወጥቷል። ክፍያውም ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል። መኪናው ግን ከወጣ ጀምሮ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ እስኪሞቅ ነጭ ጭስ ይለቃል፣ ያንኳኳል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል። ጭኖ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ጭሱ ጥቁር ይሆናል። በቃል ስናመለክት መጀመሪያ «ፋሻው አልቋል» (የፒስቶኑ ቀለበት ማለት ነው)፣ ቀጥሎ «የምትቀዱት ናፍጣ ቆሻሻ ነው» ተብለናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ምክንያቱን ከነልኬቱ እናቀርባለን።

ፋሻውን በተመለከተ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አራቱንም ኖዝል አውጥተን፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን (አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ለክተናል። ዝቅተኛው 28፣ ከፍተኛው 30 ኪሎ ነው (ከዚህ በኋላ «ኪሎ» ስንል በካሬ ሴንቲ ሜትር ማለታችን ነው)። ያለቀ ፋሻ እንዲህ ከፍ ያለና የተቀራረበ ቁጥር አይሰጥም። የቫልቮቹም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚያም ችግር የለም።

ከዚያ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አድርገን የየኖዝሉን የግፊት ቱቦ ዳዶ አንድ በአንድ አላላን፤ ሲላላ ናፍጣው ወደዚያ ሲሊንደር አይገባም። የ1ኛውና የ4ኛው ሲላላ ሞተሩ ወዲያው ይወርዳል። የ2ኛውና የ3ኛው ሲላላ ድምፁ የሚለወጠው እምብዛም ነው። ይህ ብቻውን የኖዝል ጥፋት ነው አያሰኝም፤ ፓምፑም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የ1ኛውን ኖዝል ወደ 2ኛው፣ የ2ኛውን ወደ 1ኛው አዛውረን ገጠምን። ጥፋቱ ከኖዝሉ ጋር ወደ 1ኛው ሲሊንደር ሄደ። ፓምፑ ወይም ፋሻው ቢሆን ኖሮ እዚያው 2ኛው ላይ ይቀር ነበር።

አራቱም ኖዝሎች ወጥተው በሌላ ቦታ በእጅ መሞከሪያ ማሽን ተፈትሸዋል። የዚህ ሞተር ኖዝል መከፈት ያለበት በ185 ኪሎ ወይም በ18.1 ሜጋ ፓስካል ነው። የተገኘው ከ1ኛው እስከ 4ኛው በቅደም ተከተል 186፣ 162፣ 168 እና 184 ነው። ሁለቱ እንደተባለው ተስተካክለዋል፤ ሁለቱ ግን ሺም (የኖዝሉን ስፕሪንግ የሚያጠብቅ ስስ ቀለበት) የነካቸው አይመስልም። የ0.1 ሚሊ ሜትር ሺም ብቻ ግፊቱን ከ10 ኪሎ በላይ ስለሚለውጠው ይህ የአንድ ኖዝል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የከፋው ሌላ ነው። ከመክፈቻው 20 ኪሎ ዝቅ ባለ ግፊት ለ10 ሰከንድ ሲያዙ ጫፋቸው ደረቅ ሆኖ መቆየት ሲገባው 2ኛው ጠብታ ይጥላል፣ 3ኛው ያረጥባል። ዝቅ ባለ ግፊት የሚከፈት ኖዝል ናፍጣውን ቀድሞና በደንብ ሳያደቅ ያስገባል፤ የጠዋቱ ማንኳኳትና ነጭ ጭስ ከዚህ ነው የሚመጣው። የሚንጠባጠበው ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ካርተር (የሞተር ዘይት መያዣው) ይወርዳል፤ ዘግይቶ የሚቃጠለውም ፒስቶኑን ከላይ ይበላዋል። መኪናው ሥራ ያቆመው በዚህ ምክንያት እንጂ ለክርክር ብለን አይደለም። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ከፍ ብሎ ስለተገኘና ዘይቱም ናፍጣ ናፍጣ ስለሚሸት ተቀይሯል።

ኖዝሎቹ ሲፈቱ ያየነው ግን ከግፊቱ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በሁለቱ አካል ላይ የተቀረጸው ኮድ ከፊደሎቹ ቀጥሎ 160፣ በሁለቱ ላይ 150 ይላል። ይህ ቁጥር የርጭቱ ማዕዘን በዲግሪ መሆኑን ለድርጅታችሁ መንገር አይገባንም። ከሞተሩ የወጡት አሮጌዎቹ፣ ከመፈታታቸው በፊት በመዘገብነው መሠረት፣ አራቱም 160 ነበሩ። 150ዎቹ የተገኙት በ2ኛውና በ3ኛው ላይ ነው። ማዕዘኑ ሲጠብ ርጭቱ ፒስቶኑ ላይ ካለው ጉድጓድ ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ናፍጣው ከአየሩ ጋር ሳይደባለቅ ግድግዳው ላይ ስለሚያርፍ ጭነት ሲበዛ ጥቁር ጭስ ይሆናል። ግፊቱ ቢስተካከል እንኳ ይህ አይድንም። አንድ ሞተር ላይ ሁለት ዓይነት ኖዝል መግጠም ከሶማሌ ተራ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ከመግጠም አይለይም፤ ያንን ለማድረግማ የፓምፕ ቤት ዋጋ መክፈል አያስፈልግም ነበር።

3ኛው የኖዝል ቀዳዳ ውስጥ ሁለት የመዳብ ሮንዴላ (ጋዝ እንዳይሾልክ ከኖዝሉ ሥር የሚገባ ቀለበት) ተደራርቦ ተገኝቷል፤ የታችኛው አሮጌው ነው። አሮጌ ሮንዴላ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ኖዝሉን ብቻ ስቦ ማውጣት አይበቃም። ቀዳዳውን በባትሪ ማየት፣ ካርቦኑ ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ ደፍኖ መጥረግ፣ ከዚያ አንድ አዲስ ሮንዴላ ብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሲደራረብ የኖዝሉ ጫፍ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ርጭቱም ቦታውን ይስታል። ከአሮጌው ሥርም የቃጠሎ ጋዝ ሾልኮ ጫፉን በካርቦን አጥቁሮታል።

«ናፍጣው ቆሻሻ ነው» ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ወይም ውሃ ያለበት ናፍጣ በገበያው አለ፤ አንክድም። ኖዝል የሚገድለው ግን ምልክት ትቶ ነው፦ በኖዝሉ ውስጥ ያለው መርፌ ይጫራል፣ ይደበዝዛል፣ ውሃ ከሆነ ዝገት ይታይበታል። የአራቱም መርፌ በማጉያ መነጽር ታይቶ ንጹሕ ነው። በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ፣ ሲሶው ወጥቶ፣ አካሉ ዘንበል ተደርጎ ሲያዝ በራሱ ክብደት ያለማቋረጥ ይወርዳል። ፊልትሮውም ኖዝሎቹ በተቀየሩ ዕለት አዲስ ገብቷል። ጥፋቱስ ቢሆን ገና ከመጀመሪያው ጠዋት የታየ እንጂ ውሎ አድሮ የመጣ አይደለም።

ቱቦዎቹን እርስ በርስ የሚይዘው ማሰሪያም ሳይመለስ ቀርቷል። ያለ እሱ ቱቦ በንዝረት ስለሚሰነጠቅ ይሰጠን።

ደረሰኛችሁ ላይ «ኖዝል 4፣ ተፈትሿል» የሚል ማኅተም አለ፤ አንድም ቁጥር የለበትም። ማሽኑ ላይ ወጥቶ የተለካ ኖዝል ቁጥር አለው፤ መጻፉም ከማኅተሙ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንድ ዓይነት ኮድ ያላቸው አራት ኖዝሎች ከነእሽጋቸው ቀርበው ባለሙያችን ባለበት ይከፈቱ። አራቱም 185 ኪሎ ላይ ይስተካከሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ5 ኪሎ አይብለጥ። የመንጠባጠብ ሙከራው በዚያው ይደረግና የመክፈቻ ግፊቱና ውጤቱ በየሲሊንደሩ ቁጥር ተጽፎ ይሰጠን። ቀዳዳዎቹ ተጠርገው፣ አዲስ ሮንዴላ ገብቶ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ጠብቀው ይገጠሙ፤ የመፍቻና የመግጠሚያ ዋጋ ግን ዳግመኛ አይጠየቅብን። የተቀየረው ዘይትና የሌላው ቦታ የሙከራ ክፍያ በተያያዙት ደረሰኞች መሠረት ይተካልን። ከሞተሩ የወጡት አራቱ አሮጌ ኖዝሎችም ንብረታችን ስለሆኑ ይመለሱልን።

ጉድለቱን በጽሑፍ የምናሳውቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለጉድለት ያለበትን ዋስትና ጠብቀን ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የሙከራውን ቀን ቆርጣችሁ አሳውቁን። አሁን የተፈቱት አራቱ ኖዝሎች እያንዳንዳቸው የሲሊንደር ቁጥራቸው ተለጥፎባቸው፣ ጫፋቸው ተከድኖ በእጃችን ይገኛሉ፤ ከ3ኛው ቀዳዳ የወጡት ሁለቱ ሮንዴላዎችም አብረው አሉ። በሙከራው ቀን ይዘናቸው እንቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል

አባሪ፦ የኮምፕሬሽንና የኖዝል ሙከራ ውጤት፣ የክፍያ ደረሰኞች፣ የኖዝሎቹ ኮድ ፎቶግራፍ
ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል