አሮጌ ሳንቲም ስታገኙ አትፈትጉት

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጀጎል ውስጥ ቤት ሲታደስ፣ ድሬዳዋ ዳር የውሃ ቱቦ ሲቀበር፣ በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ ማሽላ ሲኮተኮት ከአፈር ጋር አሮጌ ሳንቲም ይወጣል። ከሚወጣው አብዛኛው ሙዚየም አይደርስም። የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ፊቱ ተገፎ ነው። አረንጓዴ ሆኖ የተገኘው በሎሚና በአመድ ይፈተጋል፣ በአሸዋ ይታሻል፣ ሲብስም በረኪና ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ ያብረቀርቃል እንጂ የሚነበብ ነገር አይቀርለትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሳንቲም በእጁ የገባ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለበትና ምን መተው እንዳለበት በዝርዝር እንዲያውቅ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያች ሰዓት ነውና።

ፍትጊያው ለምን እንደሚያጠፋ ልጀምር። የሐረር አሚሮች ከተማው ውስጥ ያስመቱት የነበረው መሐለቅ ትንሽና ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሳንቲም መቶና ከዚያ በላይ ዓመት አፈር ውስጥ ሲቆይ ብረቱ ከላይ ወደ ውስጥ እየተበላ ወደ ዝገት ይለወጣል። የዓረብኛው ጽሕፈት ቅርጽ ግን በዝገቱ ንብርብር ውስጥ እንዳለ ይቆያል። በስሱ ሳንቲም ላይ ፊደሉን የተሸከመው ዝገቱ ራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከሥሩ ደህና ብረት ላይኖር ይችላል። ሎሚ ይህን ንብርብር በደቂቃዎች ያሟሟዋል። አሸዋና አመድ ደግሞ የተረፈውን ይፍቁታል። በረኪና ከሁሉም የከፋ ነው፤ ክሎሪኑ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ ለዓመታት የማያቆም ዝገት ይተክልበታል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚፍቅ ዱቄት ስላለ ለብር ሳንቲም እንኳ አይሆንም።

ሌላም ስሕተት አለ። አረንጓዴ የሆነ ሁሉ መዳብ አይደለም። ብር ለገንዘብ ሲመታ ከመዳብ ጋር ይቀላቀላል፤ አፈር ውስጥ ሲቆይ መዳቡ ቀድሞ ወደ ላይ ወጥቶ ሳንቲሙን አረንጓዴ ያለብሰዋል። «ቤሳ ነው፣ ዋጋ የለውም» ተብሎ የሚጣለው ከሥሩ ብር ሊሆን ይችላል። ጥቁር የሆነው ብር ደግሞ የድኝ ውህድ የሸፈነው እንጂ የተበላሸ አይደለም። ግራጫ ወይም ወደ ቡና ዓይነት የሚያደላ ሰም መሳይ ሽፋን ያለበት ብር ጨው ካለበት አፈር የወጣ ነው፤ ሽፋኑ ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር ይበቃዋል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ይነሣል።

የገንዘቡ ዓይነት በአካባቢያችን ብዙ ነው። ሐረር የንግድ ከተማ ነበረች። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ገዝተዋታል፣ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ያዟት፣ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ስለዚህ ከመሐለቅ ጋር የግብፅ፣ የሕንድ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሳንቲም ቢገኝ አያስደንቅም። ሐርላ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። እዚያ የተካሄደው ቁፋሮ በ2009 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ የመጡ የነሐስና የብር ሳንቲሞች መገኘታቸው ተገልጿል።

ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ብቻውን አያስተማምንም። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) መቼም ይመታ መቼ ፊቱ ላይ ያለው 1780 ነው፤ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይ ሲመቱት ይህንኑ ዓመት ይዘው ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ከ1936 ዓ.ም. በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ፲፱፻፴፮ እንደሚሉ ቀርተዋል። ሳንቲሙ መቼ እንደወደቀ የሚናገረው አብሮት የተገኘው ነገርና የወጣበት ጥልቀት ነው፤ የሸክላ ስባሪ፣ ዶቃ፣ አመድ፣ የግድግዳ መሠረት። ሳንቲሙን ብቻ ኪሱ ከትቶ የሄደ ሰው ታሪኩን ጉድጓዱ ውስጥ ጥሎ ነው የሄደው።

እንግዲህ ሳንቲም ብቅ ሲል ቁፋሮው እዚያ ቦታ ላይ ይቁም። በጠርዙ ይነሣ፤ ፊቱ በአውራ ጣት አይታሽ፣ በምራቅም አይረጥብ። የእጅ ላብ ጨው አለው። እየቆፈረ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማሸት ስለሆነ ይህን ለሠራተኞች ከሥራው በፊት መንገር ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሳንቲም ለብቻው ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ይግባ። አብሮት ቦታው፣ ጥልቀቱ በሴንቲ ሜትርና ቀኑ በእርሳስ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይኑር። እስክሪብቶ እርጥበት ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ላስቲኩ እስከ ማታ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ እርጥብ አፈር ታሽጎ ሲያድር ዝገቱ ይፋጠናልና ቤት ሲደረስ ሳንቲሙ ወጥቶ ጥላ ሥር፣ ነጭ ወረቀት ላይ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ።

ማሰሮ ሙሉ ከተገኘ ግን ምንም አይውጣ። ማሰሮው ከነአፈሩ በጨርቅ ተጠምጥሞ ይጠበቅ፤ ባለሙያ ይጠራ። የተጣበቁ ሳንቲሞችን በቢላ መለያየት ሁለቱንም ፊት መግፈፍ ነው። ማሰሮ ውስጥ የገቡበት ቅደም ተከተልም ራሱ መረጃ ነው።

ስለ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ጥቂት ልበል፤ «ወርቅ ያገኛል» እየተባለ ስለሚወራ ብዙ ሰው ይመኘዋል። መሣሪያው ወርቅ አያውቅም። ኮይሉ፣ ማለትም መሬት ላይ የሚያንዣብበው የሽቦ ጥቅል፣ የሚልከው መግነጢሳዊ ሞገድ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ መሣሪያው የሚለካው የዚያን መልስ መዘግየት ነው። ትልቅና ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ ነገር ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፣ ስለዚህ ጠገራ ብር ጥርት ብሎ ይጮኻል። ስሱ መሐለቅና 1.4 ግራም ብቻ የሚመዝነው የምኒልክ የብር ግርሽ ግን ዝቅ ብለው ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት አጠገብ ይወድቃሉ። ቆሻሻ እንዳያስቸግር ዝቅተኛውን ቁጥር ዝም ያሰኘ ሰው እነሱንም አብሮ ዝም አሰኝቷቸዋል። የዛገ ትልቅ ሚስማር ደግሞ በተቃራኒው እንደ ብር ከፍ ብሎ ይጮኻል። ከአንድ አቅጣጫ ጮኾ በ90 ዲግሪ ዞረው ሲያልፉበት የሚጠፋ ወይም የሚዘል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ሚስማር ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለበት መሬት ራሱ መሣሪያውን ያስጮኸዋል። ስለዚህ ኮይሉን ብረት በሌለበት ቦታ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ እያደረጉ ድምፁ እስኪረጋ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ቦታ በተቀየረ ቁጥር ይህ ይደገማል።

የተለመደው መሣሪያ ትንሽ ሳንቲም የሚያገኘው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ጠገራ ብር ደግሞ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሐርላ ያለው የጥንት ንብርብር ከዚያ በታች ይወርዳል። መሣሪያ ይዞ «ከሥር ይኖራል» ብሎ የሚቆፍር ሰው ሳያየው የሚያልፈውን ንብርብር ያጠፋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለማግኘት የሚደረግ ፍለጋና ቁፋሮ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይከለክላል፤ «የራሴ ማሳ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። በእኔ እምነት የመሣሪያው ትክክለኛ ቦታ ከባለሙያ ጋር ሆኖ ከመሠረት ቁፋሮ የወጣውን የአፈር ክምር መፈተሽ ነው። ያ አፈር በሲኖ ትራክ ተጭኖ ከተማ ዳር ይደፋል፣ አብሮት ስንት ነገር ይሄዳል።

በዚያም ቢሆን ድምፅ የሰጠው ቦታ በካቻቢቴ አይወጋ። ኮይሉን በመስቀል አቅጣጫ አመላልሰው መሐሉን ከለዩ በኋላ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ዙሪያውን ይክፈቱ፣ አፈሩን በእጅ ይፈርፍሩ። አዲስ ጭረት ያለበት ሳንቲም ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ባገኘው ሰው እጅ ነው።

ማጠብን በተመለከተ፣ ጥርጣሬ ካለ አለማጠብ ይሻላል። አፈሩ ፊቱን ጨርሶ ከሸፈነውና ሳንቲሙ ጠንካራ ከሆነ ብቻ በተጣራ ውሃ ይነከር። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ጀበና ውስጥ የሚጋግረው ነጭ ሳንቲሙ ላይም ይጋግራል። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ሲገዙ ግን አሲዱ እንዳይሰጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ፣ ሁለቱ ተመሳሳይ ጄሪካን ውስጥ ይሸጣሉ። ለአንድ ሳንቲም 200 ሚሊ ሊትር በብርጭቆ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ውሃው በየቀኑ ይቀየር፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆይ። ከዚያ እርጥብ አፈሩን በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ጫፍ፣ በማጉያ መነጽር እያዩ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ በቀስታ ይግፉት። መርፌ አይሆንም። ቡናማው አፈር አልቆ አረንጓዴው ወይም ቀዩ ሲመጣ እዚያ ላይ ይቁም። ከጽሕፈቱ አንድ ፊደል ስለጎደለ መቀጠል ያጓጓል፤ የቀሩት ፊደላት የሚጠፉት ያን ጊዜ ነው። ሲጨረስ በጥጥ ጨርቅ ሳይታሽ ተጫን ተጫን ተደርጎ ውሃው ይመጠጥ፣ 2 ቀን ጥላ ሥር ይድረቅ።

ከሁሉ የሚያሰጋው የሙዚየም ባለሙያዎች «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ነው። ደህናው አረንጓዴ ጠቆር ያለ፣ ጠንካራና ፊቱ የማይሻክር ነው። የታመመው ግን ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በነጠብጣብ ይወጣል፣ በእንጨት ሲነኩት ይረግፋል። ዱቄቱን አራግፎ ሳንቲሙን ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ሳምንት ማቆየት ነው፤ አዲስ ዱቄት ከወጣ በሽታው አለ። ምክንያቱ ሳንቲሙ ውስጥ የተቀበረው የመዳብና የክሎሪን ውህድ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ መፍጠሩ፣ አሲዱም አዲስ መዳብ እየበላ ያንኑ ውህድ እንደገና መፍጠሩ ነው። ስለዚህ በራሱ አይቆምም። የአየሩ እርጥበት ከ42 በመቶ በታች ሲሆን ይዘገያል፣ ከ35 በመቶ በታች ይተኛል። ድሬዳዋ በበጋ ይህን ሊረዳ ይችላል፤ የሐረር ክረምት ግን ያባብሰዋል። የታመመው ከሌሎቹ ይለይ፣ በደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፣ ለሙዚየም ይሰጥ። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቤንዞትራያዞል የተባለው ኬሚካል መርዛማ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ለማስቀመጫ ክዳኑ የሚገጥም የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። በአዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ፍሬ ይገባበታል፤ ለአንድ ሊትር ዕቃ ከ30 እስከ 50 ግራም። ከጫማ ሳጥን የወጣው ግን ቀድሞ ስለጠገበ ከከረጢቱ ፈስሶ በ110 ወይም 120 ዲግሪ ሙቀት 2 ሰዓት መድረቅ አለበት። የፎቶ አልበም ለስላሳ ላስቲክ አይሆንም፤ ሲያረጅ አሲድ ያመነጫል፣ ሳንቲሙን ያላቁጣል። ጎማ ላስቲክና ሱፍ ድኝ ስላላቸው ብርን ያጠቁራሉ። የጋዜጣ ወረቀትም አሲድ አለው፤ ጋዜጣችሁን አንብበን እናስቀምጠው እንጂ ሳንቲም አንጠቅልልበት።

«ብር ነው ወይ?» ተብሎ ሳንቲም በሞረድ ሲሞረድ፣ በአሲድ ሲፈተን ማየት ያሳዝናል። ሳይቆስል የሚታወቅበት መንገድ አለ። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ጠርዙ ላይ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ፍትሕና ምሕረት፣ ይላል። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብርም ክብደቱ ከዚሁ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፣ ብሩ 835 ነው። በመቶኛ ግራም የሚለካ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ያስገቡ። ደህና ጠገራ 2.75 ግራም አካባቢ ያሳያል። ከናስ ተሠርቶ ብር የተቀባ ወደ 3.3 ይጠጋል። የአየር አረፋ ከተለጠፈበት ቁጥሩ ያለአግባብ ይጨምራል፣ ስለዚህ ክሩን ነቅነቅ አድርገው እንደገና ያንብቡ። ይህ የሚሠራው ለደህና ሳንቲም ነው፤ ዝገት ለበዛበት አይሆንም። ማግኔት የሳበው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የ1923 ዓ.ም. ባለ 50፣ 25 እና 10 መቶኛ ሳንቲሞች ኒኬል ስለሆኑ ይሳባሉ።

አዋጁ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና የቅርስ ባለሥልጣኑ እስኪረከብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢው ሽልማትና ያወጣው ወጪ እንደሚሰጠው ይደነግጋል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ከመወረስ ፈርተው ብሩን ለአንጥረኛ ይሸጡታል፣ አንጥረኛውም አቅልጦ ጌጥ ያደርገዋል። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች የባህል ቢሮዎች ሽልማቱን በግልጽ ያስታውቁ፣ በተግባርም ይክፈሉ። ጀጎል ውስጥ የእድሳት ፈቃድ ሲሰጥም ለግንበኛው 20 ትናንሽ ላስቲክ፣ አንድ እርሳስና ከላይ ያለው መመሪያ በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት አብሮ ይሰጠው። ወጪው ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይበልጥም። ዝግጅት ክፍሉ ይህን ለሚመለከታቸው እንዲያደርስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሐረር