ለደንበኞቻችን፦ ሞተር ብቻውን ከእንግዲህ የማንቀበለው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን አንድ የስልክ ጥያቄ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል። «ቱርቦ ሞተር አግኝቻለሁ፣ ንጹህ ነው፣ መቼ ትገጥሙልኛላችሁ?» መኪናው ሠላሳ ዓመት ገደማ ያገለገለ የመስክ መኪና ነው። ሞተሩ ደግሞ ከሌላ ፋብሪካ መኪና የወረደ። ቱርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው።

እስካሁን «አምጡትና እንየው» ነበር የምንለው። አሁን መልሳችን ተቀይሯል። ሞተር ብቻውን አንቀበልም። ሞተሩ የነበረበት መኪና ከነሕይወቱ ይምጣ። እሱ ካልተገኘ ደግሞ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ፣ ቁልፉ፣ የነዳጅ ፔዳሉና ቧንቧው ሁሉ አብሮ ይምጣ። ይህን ስንል ቅር ያላችሁ አላችሁ። «ድሮ ትሠሩት አልነበር ወይ?» ያለንም አለ። እንሠራው ነበር። የተቃጠልነውም በእሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። መኪናው ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ1987 መሠራት የጀመረው፣ ማዕዘኑ የጎላ፣ ፊትና ኋላው ድፍን አክስል (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) የሆነው። ሞተሩ የመርሴዲስ ኦኤም 606 ባለ ቱርቦው ይሁን። 3 ሊትር ናፍጣ ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 24 ቫልቭ። መርሴዲስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢ 300 ቱርቦ ዲዝል ላይ ሲገጥመው 177 የፈረስ ጉልበትና 330 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ይሰጥ ነበር። የፓትሮሉ የራሱ ባለ 2.8 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ወደ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ልዩነቱ ዳገት ላይ ይታወቃል። ሰው ቢጎመጅ አንፈርድበትም፤ እኛም ጎምጅተን ነው የጀመርነው።

በነገራችን ላይ ፓትሮላችሁ ባለ 4.2 ሊትሩ ቲዲ 42 ከሆነና ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ባታወርዱት እንመርጣለን። እሱ ላይ ለዘብ ያለ ቱርቦ መጨመር ይሻላል። ሥራ እያባረርን መሆኑን እናውቃለን።

ወደ ኦኤም 606 እንመለስ። ሰው ሞተሩን ሲያይ የሚያየው ብረቱን ነው። ይህ ሞተር ግን ነዳጁን የሚለካው በኤሌክትሮኒክስ ነው። የነዳጅ ፖምፓው ከኮምፒውተር ትእዛዝ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ከፔዳሉ ምልክት ይፈልጋል፤ የስርቆት መከላከያ ካለው ደግሞ የራሱን ቁልፍ ካላወቀ አያስነሳም። አንድ ደንበኛችን ሞተሩን በጣውላ ላይ አስሮ አመጣው። ታጥቦ ያበራል። ሽቦው ግን በመቁረጫ ተቆርጧል፤ ከየሶኬቱ አንድ ጣት የምታህል ብቻ ቀርታለች። ኮምፒውተር የለም፣ ቁልፍ የለም። የሸጠለት ሰው «እሱ ቀላል ነው፣ የትም ይገኛል» ብሎታል። ፓትሮሉ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደቆመ እኛና እሱ እናውቃለን።

መውጫ መንገድ አለው፣ አንዋሽም። ከቀደመው ኦኤም 603 ላይ መካኒካል ፖምፓ አውርዶ መግጠም ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያኔ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ግን ያ ፖምፓ ራሱ በሌላ ሞተር ልክ የተቃኘ ነው፤ በዚህኛው ልክ መስተካከል አለበት። ነዳጅ አብዝታችሁ አየር ካሳነሳችሁበት ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ መካኒካል ፖምፓ ለምንገጥምለት መኪና ሁሉ ከቱርቦው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ እናስገባለን። «ጌጥ ነው፣ ይቅርብኝ» የሚል ደንበኛ አለ። ጌጥ አይደለም። መርፌው 700 ዲግሪን አልፎ ከቆየ እግር ከነዳጅ ላይ መነሳት አለበት። አለዚያ ዋጋውን የሚከፍለው ፒስቶኑ ነው።

አሁን ያሳፈረንን እንንገራችሁ።

አንድ ሌላ ሞተር፣ እሱም ብቻውን የመጣ፣ ቱርቦው ላይ ዘይት የሚመልሰው ቧንቧ አልነበረውም። ትንሽ ነገር ናት፤ እንሠራዋለን አልን። ሠራን። መንገድ ላይ የመሪው ሳጥን ስለገጠመን ቧንቧውን በላዩ አዞርነው። መኪናው ተነሳ፣ ደስ አለን፣ ፎቶ ሁሉ ተነሳን። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ደወለ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ እየወጣ ነው። መብራት ላይ ቆሞ ሲነሳ ከኋላው ያለው መኪና አይታይም አለን።

ቱርቦው ሞቷል ብለን ፈረድን። በራሳችን ወጪ ሌላ ገዛን። ገጠምን። እሱም አጨሰ። ያኔ ነው አንዱ ልጃችን መኪናው ሥር ገብቶ በባትሪ እያበራ፣ ጣቱን ቧንቧው ላይ እየሄደበት የተመራመረው። «ይሄ ነገር እዚህ ጋ ሽቅብ ይወጣል እኮ» አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ በግፊት ይገባል፤ የሚወጣው ግን በራሱ ክብደት እየወረደ ነው፣ የሚገፋው የለም። ስለዚህ መመለሻው ሰፊ መሆን አለበት። ከላይ እስከ ታች ቁልቁል መውረድ አለበት። የዘይት ኮፓው ውስጥ የሚገባውም ከዘይቱ ከፍታ በላይ መሆን አለበት። አንዲት ጉብታ ካለች ዘይቱ ይቆምና መውጫ ይፈልጋል። የቱርቦውን ማሸጊያዎች አልፎ ወደ አየሩና ወደ ጭሱ ይገባል። የመጀመሪያው ቱርቦ ምንም አልሆነም ነበር። አሁንም መደርደሪያችን ላይ ነው። አዲስ ልጅ ስንቀጥር በመጀመሪያው ቀን የምናሳየው እሱን ነው።

ያ ቧንቧ ከነነበረበት መኪና ቢመጣ ኖሮ ቢያንስ ስፋቱንና አወራረዱን አይተን እንማርበት ነበር።

ስለ ዘይት ኮፓው ካነሳን፣ ሌላም ራስ ምታት አለ። መርሴዲሱ የፊት አክስል ያልነበረው የከተማ መኪና ነው። ፓትሮሉ ግን ፊት ለፊት ድፍን አክስል አለው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲረግጥ አክስሉ ወደ ላይ ይመጣል። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ሰፊ ቦታ ያለ ይመስላል። እኛ ግን ስፕሪንጎቹን አውጥተን አክስሉን በክሪክ እስከ መጨረሻው እናነሳዋለን። ኮፓው ካልነካ ብቻ የሞተሩን መቀመጫ ሻንሲው ላይ እንበይዳለን። ከነካ ኮፓው ይቆረጣል፣ ቅርጹ ይቀየራል፣ የዘይት መምጠጫውም አብሮ ይቀየራል። ይህ ቀናት የሚበላ ሥራ ነው። «ሞተሩ እኮ ገባ፣ ምን ቀረው?» የምትሉን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ሰሌዳም እንዲሁ ነው። የሁለት ፋብሪካ ብረቶች ናቸው፤ የብሎናቸው ቀዳዳ አይገጥምም። መሃል ላይ የሚገባው ሰሌዳ መሃሉን ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙም ማለፍ በማይችል ልክ መጠበቅ አለበት። በዓይን አይታይም፤ ሰዓት በሚመስል ባለ መርፌ መለኪያ ነው የምናየው። ካለፈ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ መጮህ ይጀምራል። ሰው ግን ካምቢዮው አርጅቷል ይላል።

ጉልበቱ ሲጨምር ከኋላ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። በግምት እናስላው። አንደኛ ማርሽ 4 ጊዜ ያባዛል እንበል። ዝቅተኛው የፎር ባይ ፎር ማርሽ 2 ጊዜ፣ ዲፍረንሻሉ 4 ጊዜ። ሦስቱ ሲባዙ 32 ጊዜ። ሞተሩ ላይ የጨመራችሁት 100 ኒውተን ሜትር አክስሉ ጋ ሲደርስ 3,200 ይሆናል። ፍሪሲዮኑ መጀመሪያ እጁን ይሰጣል። እሱ ጠንካራ ከተደረገ ተራው የቀጣዩ ደካማ ነው። ስለዚህ ካምቢዮውና አክስሉ ሳይፈተሹ ሞተር አንቀይርም። ፍሬኑም እንዲሁ። የሚፈጥን መኪና መቆምም አለበት፤ የድሮው ዲስክና ሸራ ለድሮው ሞተር ነው የተሠራው።

መኪናችሁ ቤንዚን የነበረ ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። የቤንዚን ሞተር ለፍሬኑ ማገዣ የሚሆነውን የአየር መሳብ ከራሱ ማስገቢያ ይሰጣል። ናፍጣ ያንን አይሰጥም፤ የራሱ ፓምፕ ያስፈልገዋል፣ ያም ከሞተሩ ጋር መምጣት አለበት። አለዚያ የፍሬን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ከነዳጅ ታንከሩ ጋርም የመመለሻ መስመር ያስፈልጋል። የዙር መቁጠሪያው ሌላ ነገር ነው፤ ከዲናሞው ምልክት እንወስድለታለን፣ አያሳስባችሁ።

ስለ ሙቀት አጭር ነገር። ቱርቦ አየሩን ሲጨምቅ ያሞቀዋል፤ ጠንከር ያለ ግፊት ላይ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ይህን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይፈልጋል። ራዲያተሩም ሌላ ነው፤ የድሮው ራዲያተር ለትልቁ ሞተር አይበቃም። «ታጥቧል፣ ይሠራል» አትበሉን።

ሙሉው መኪና ሲመጣ ሌላም ጥቅም አለው። ሞተሩን ሳናወርድ እዚያው እንፈትሸዋለን። ኦኤም 606 ላይ አንድ የታወቀ አመል አለ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ በካርቦን ተጣብቀው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ይሰበራሉ። ያሉት ደግሞ ከአየር ማስገቢያው ሥር ነው፤ ለማየት እሱ መውረድ አለበት። ሞተሩን አሙቀን፣ ዘይት ቀብተን፣ ጥቂት ፈታ፣ ጥቂት መለስ እያደረግን ነው የምናወጣቸው። አንዱ ትንሽ ከተቃወመ እንተወዋለን፣ ነገ እንመለሳለን። የቸኮለ ሰው ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ መሰርሰር ነው፣ ሲብስም ቴስታታ ማውረድ። በጣውላ ላይ በመጣ ሞተር ሞቅ አድርገን መፍታት አንችልም።

ወረቀቱን አትርሱ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ላይገጥም ነው። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ መሐንዲስ ማረጋገጥ አለበት። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤትና ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ። ይህን እኛ ልንሠራላችሁ አንችልም። ሞተሩ የተገዛበት ሰነድ ከሌለ ደግሞ በራችን አይገባም፤ በዚህ አንደራደርም።

ቀድማችሁ ሞተር ብቻውን የገዛችሁ፣ አትበሳጩ። የጎደለውን ለማየት ቀን ያዙና አምጡት፤ ለማየቱ አናስከፍልም። የጎደለውን ዝርዝር ጽፈን እንሰጣችኋለን። ዝርዝሩ ሲሟላ ተራ እንይዝላችኋለን። እስከዚያ ፓትሮላችሁን አትፍቱት፤ እየነዳችሁበት ቆዩ።

ሙሉ መኪና የምታመጡ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ከዋዜማው አምጥታችሁ ግቢያችን ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ማንም እንዳያስነሳው። ቀዝቃዛውን ሞተር መጀመሪያ የምናስነሳው አብረን ቆመን ነው፤ አነሳሱንና የመጀመሪያውን ጭስ እናንተም እንድታዩት እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች