የአናቤል ማቲውስ ወንበርና የግብር ዳኛ ነፃነት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው በመንግሥትና በግብር ከፋዩ መካከል ሊዳኝ አይገባም የሚለውን ሐሳብ አንብቤአለሁ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም በዚያ ወንበር ለመቀመጥ የመጀመሪያዋ ሴት የነበሩትን የወይዘሪት አናቤል ማቲውስን የሥራ ዘመን ሳጤን፣ አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ሆኖ አገኘዋለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1924 ድረስ ተጨማሪ ግብር የተወሰነበት አሜሪካዊ የሚከራከረው እዚያው ገቢ መሥሪያ ቤት ውስጥ በተሰየመ ኮሚቴ ፊት ነበር፤ ካልተሳካለትም የተጠየቀውን ከፍሎ ገንዘቡ እንዲመለስለት መክሰስ ነበረበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ክርክሩ ሲበዛ ኮንግረስ የዛሬው የግብር ፍርድ ቤት መነሻ የሆነውን የግብር ይግባኝ ቦርድን አቋቋመ። ዛሬ በዲሲና በአካባቢው ታክሲ የሚነዱ ወይም ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን ከአይ አር ኤስ (ከዛሬው ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የግብር ጉድለት ማስታወቂያ ሲደርሳቸው፣ አስቀድመው ሳይከፍሉ በ90 ቀን ውስጥ አቤት የሚሉት ያኔ በተከፈተው በር ነው።

ማቲውስ በ1883 በጆርጂያ ተወልደው ለዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ በ1914 ዋሽንግተን በሚገኘው ገቢ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዋሽንግተን የሕግ ኮሌጅ ተምረው በ1921 ተመረቁና የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያ ሆኑ። አሜሪካ የመንግሥታት ማኅበር አባል ባትሆንም፣ ማኅበሩ አንድ ገቢ በሁለት አገሮች እንዳይቀረጥ ለማድረግ በ1920ዎቹ መገባደጃ ባካሄደው ጥናትና ድርድር፣ ከምሁሩ ከቶማስ አዳምስ ጋር አገራቸውን ወክለው ተካፍለዋል። ፕሬዚዳንት ሁቨር በ1930 የቦርዱ አባል አድርገው ሲሾሟቸው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የ16 ዓመት ትውውቅ ነበራቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የተወሳሰበ ሕግ፣ ያውም ገና በወጉ ሳይደላደል፣ ከውስጥ ሳያውቁ መዳኘት ይቻል ነበር ብዬ አላምንም።

ቦርዱ የመንግሥት አፍ ነበር ለማለትም አይቻልም። ከመጀመሪያዎቹ አባላቱ በርከት ያሉት ከገቢ መሥሪያ ቤቱ የመጡ ነበሩ፤ ነገር ግን ማቲውስ በነበሩበት ዘመን፣ በ1932፣ የተወሰነውን የግሪጎሪን ጉዳይ ማየት ይበቃል። ኤቨሊን ግሪጎሪ የተባሉ ባለሀብት፣ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው የሆነ አንድ ኩባንያ የያዛቸውን 1,000 አክሲዮኖች እንደ ትርፍ ድርሻ ሳይቀረጡ ለማውጣት ሲሉ በ1928 አቨሪል የሚባል አዲስ ኩባንያ አቋቋሙ፤ አክሲዮኖቹን ወደዚያ አዛወሩ፣ በተቋቋመ በ6ኛው ቀንም አፈረሱት። አቨሪል ሌላ አንዳች ሥራ አልሠራም። መንግሥት ይህ ማስመሰያ ነው ቢልም፣ ውሳኔውን የጻፉት የቦርዱ አባል ጆን ስተርንሃገን ሕጉ በቃሉ እንደተጻፈ ይተርጎም በማለት ለሴትየዋ ፈረዱ። እርግጥ ነው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1934 ሻረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1935 ሽረቱን አጸና፤ በእኔ አስተያየትም የተሻለው ፍርድ የእነርሱ ነው። ቢሆንም ቦርዱ የተሳሳተው ለግብር ከፋዩ በማድላት እንጂ ለቀድሞ መሥሪያ ቤት በመወገን አልነበረም።

እኔን የሚያሳስበኝ 1936 ነው። ሕጉ ለቦርዱ አባላት የ12 ዓመት የሥራ ዘመን ቢደነግግም ማቲውስ የተቀመጡት 6 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ወንበሩ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ፕሬዚዳንቱ ሩዝቬልት ነበሩ። ማቲውስ እንደገና አልተሾሙም፤ በዚያው ዓመት ማሪየን ሃሮን የምትባል የ32 ዓመት የካሊፎርኒያ የሕግ ባለሙያ ቦርዱን ተቀላቀለች። ሃሮን እስከ 1960 በማገልገሏ ምርጫው መጥፎ ነበር አይባልም። ማቲውስም በጥብቅና ሥራ ቀጥለው በ1960 አርፈዋል። ዳኛው የነገ እንጀራው በሚሾመው ሰው እጅ ከሆነ ግን፣ ትናንት የት ሠርቶ ነበር ከሚለው ይልቅ ነገ ማን ይሾመዋል የሚለው ጥያቄ ይከብዳል።

ቦርዱ በ1942 የግብር ፍርድ ቤት ተብሎ አባላቱ ዳኞች ተባሉ፣ በ1969 ደግሞ ከአስፈጻሚው ክፍል ወጥቶ በኮንግረስ ሥልጣን የቆመ ፍርድ ቤት ሆነ። የሥራ ዘመኑ ወደ 15 ዓመት ከፍ ቢልም ዳግም ሹመቱ ዛሬም በፕሬዚዳንቱ እጅ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህን ብትመረምሩት ለአንባቢ ይጠቅማል፤ የማቲውስ ሰነዶችም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሽሌዚንገር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ