«ያደገው ማን ነው?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ ስለደከመ ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። የምጽፍልዎ ከዓመታት በፊት ጠይቀውኝ በወጉ ሳልመልስልዎ ስላለፍኩት ጉዳይ ነው። የምጣኔ ሀብት ትምህርቴን በጨረስኩ ሰሞን፣ ድሃ አገሮች በራቸውን ለንግድ ቢከፍቱ ያድጋሉ፣ ካደጉም ድህነት ይቀንሳል ብዬ ሳስረዳዎ በትዕግሥት ሰምተውኝ፣ «አገሩ አደገ ስትዪ ያደገው ማን ነው?» አሉኝ። እኔም የነፍስ ወከፍ ገቢን አማካይ ጠቅሼ ዝም አልኩ። ያ መልስ እንዳልነበረ ዛሬ አውቃለሁ።

አሁንም ቢሆን ከያዝኩት ሐሳብ የማልለቀው አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በከፋ ድህነት ይኖር ነበር፤ በ2019 ግን ቁጥሩ ከአሥር ሰው ወደ አንድ ገደማ ወርዷል። ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቻይና ስትሆን፣ በአርባ ዓመት ውስጥ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝቧ ከዚህ ድህነት ወጥቷል። ይህ ያለ ንግድ ይሆን ነበር የሚለኝን ሰው አላምነውም። ሆኖም በተማሪነቴ የቻይናን ታሪክ ያነበብኩት ከወደቡና ከፋብሪካው ጀምሬ ነበር፤ ስህተቴም እዚያ ላይ ነው። በ1978 የተጀመረው ለውጥ አስቀድሞ የደረሰው ገበሬው ዘንድ ነው፤ የኅብረት እርሻው መሬት ለየቤተሰቡ ተከፋፍሎ፣ ለመንግሥት ከሚያስረክበው ኮታ በላይ የተመረተውን መሸጥ ሲፈቀድ የገጠሩ ድህነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀነሰ። አገሪቱ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው ከዚያ ሃያ ዓመት አልፎ፣ በ2001 ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥያቄዎን የፈታልኝ ሩዝ ነው። ቬትናም በ1986 ዶይ ሞይ የተባለውን ማሻሻያ ጀምራ፣ በ1988 የእርሻ መሬትን ለቤተሰቦች አስተዳደር ለቀቀች፤ ሩዝ ከውጭ ትገዛ የነበረችው አገርም በዓመቱ ከዓለም ዋና ዋና ሩዝ ሻጮች ተርታ ገባች። ወደ ውጭ በሚላከው ሩዝ ላይ የነበረው ገደብ የተነሣው ደረጃ በደረጃ በመሆኑና አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ የሚያርሰው መሬት ስለነበረው፣ ገደቡ ሲነሣ የመጣው የሩዝ ዋጋ ጭማሪ የገባው በገበሬው ቤት ነው። ሄይቲ ግን በ1995፣ ከውጭ አበዳሪዎች ግፊት ጋር፣ ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ ትጥል የነበረውን ቀረጥ ወደ 3 በመቶ አወረደች። ከአሜሪካ የመጣው ሩዝ መንግሥታቸው በሚደጉማቸው ገበሬዎች የተመረተ ነበርና የሄይቲ ገበሬ ሊወዳደረው አልቻለም። ለከተማው ሸማች ርካሽ እህል እፎይታ እንደነበር አልክድም፤ ማሳውን ትቶ ለወጣው ገበሬ ግን የሚቀበለው ሌላ ሥራ አልጠበቀውም። ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን በ2010 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ፖሊሲው በትውልድ ግዛታቸው በአርካንሳስ ያሉ አንዳንድ ገበሬዎችን ጠቅሞ ሊሆን እንደሚችል፣ ሄይቲን ግን ሩዝ የማምረት አቅሟን እንዳሳጣት ተናግረው ስህተቱን በራሳቸው ላይ ወስደዋል። ይህን ባነበብኩ ቀን ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።

ያን ጊዜ መድኃኒቱ በርን መጠበቅ ነው ብለውኝ ነበር። በዚህ ላይ ግን አባቴ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ዛሬም አልስማማም። ገበያ ሲዘጋ ውድ ጨርቅና ውድ ማረሻ የሚገዛው ድሃው ነው፤ ትርፉ የሚቀረውም የማስገቢያ ፈቃድ ላገኘው ለጥቂቱ ነጋዴ ነው። በባንግላዴሽ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ሚሊዮን ሴቶች በስማቸው ደመወዝ እንዲቀበሉ አድርገዋል፤ ይህን ዕድል ከእነርሱ ላይ መልሶ መውሰድን በጎ ነገር ብዬ ልጠራው አልችልም። እርግጥ በሚያዝያ 2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሠራተኞች ካለቁ ወዲህ፣ «የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ምን ዓይነት ሥራ ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። ለድሃው «በርህን ክፈት» የሚሉት ባለጸጎች የራሳቸውን ገበሬ መደጎማቸውም ያንገበግበኛል። ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ በጥጥ ድጎማ ላይ አቤቱታቸውን ለዓለም ንግድ ድርጅት ያቀረቡት በ2003 ነበር፤ ለውጭ ገበያ በሚላክ የእርሻ ምርት ላይ የሚሰጠው ድጎማ እንዲቀር ስምምነት የተደረሰው ግን ናይሮቢ ላይ በ2015 መጨረሻ ነው፤ ለገበሬው በአገር ውስጥ የሚሰጠው ድጎማ ዛሬም አልቀረም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ። ሕንድ በ1991 ቀረጧን መቀነስ ስትጀምር የሆነውን ፔቲያ ቶፓሎቫ የተባለች ተመራማሪ አውራጃ በአውራጃ አጥንታው ነበር። የአገሪቱ ድህነት በአጠቃላይ ቢቀንስም፣ የውጭ ውድድር በበረታባቸው የገጠር አውራጃዎች የቀነሰው በዝግታ ነው፤ ሰዎቹም ወደ ተሻለ ሥራና ቦታ ብዙም አልተንቀሳቀሱም። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው ሠራተኛ ከሚከስረው ሥራ ወደሚያተርፈው እንደሚሄድ ነበር። እርስዎ ዕድሜዎን ሁሉ ሲያርሱ የእህል ዋጋ ድንገት የወደቀባቸው ዓመታት ነበሩ፤ እኔ ልጅ ብሆንም በቤታችን የነበረውን ጭንቀት አስታውሳለሁ። በእነዚያ ዓመታት እርሻውን ትተው ወደ ሌላ ሥራ እንዳይሄዱ የያዘዎ ምን ነበር? የተበደሩት ገንዘብ ነው፣ የእኛ ትምህርት ነው፣ ወይስ የሚሄዱበት ስላልነበረ ነው?

መልስዎን እህቴ እርስዎ እንደተናገሩት፣ ሳታሳጥር ጽፋ ትላክልኝ።

አክባሪ ልጅዎ