በክረምት ለምትመጪው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የክረምቱን እረፍት ደምበጫ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ማሰብሽን ስትሰማ እናትሽ እልል ብላለች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ግን በጤና ረዳትነት ጡረታ የወጣ አባት እንዲሁ መርቆ ዝም አይልም።

ለሳንባ ምች ሕመሙ፣ ለተቅማጡ፣ ለእርግዝና ክትትሉ አልሰጋም፤ ተምረሽዋል። የምሰጋው ለዝሆኔው ነው። ቀዩ አፈራችን እህል ያበቅላል፤ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ለሚሄድ ግን ጠላት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጡ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው ከሰውነት የተረፈውን ፈሳሽ የሚመልሰውን የሊምፍ ቧንቧ ይጎዱና እግሩ በዓመታት ውስጥ ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚሁ አገራችን ሲሠራ ያጠናው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፤ ጎረቤት ግን አያውቅምና ሕመምተኛዋን ሰርግ አይጠራትም፣ ልጇንም ለጋብቻ ይሸሻል።

እንዲህ ያለችዋን ሴት በቀላሉ ትለያታለሽ። ወረፋ ቢደርሳትም ሌላውን ታሳልፋለች፤ እግሯን አግዳሚ ወንበሩ ሥር ደብቃ ነጠላዋን ታወርድበታለች። ሕክምናው መርፌ የለውም፤ ውኃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንቺው እጠቢላት። በጣቶቿ መካከልና በቆዳዋ እጥፋት ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ አድርቂ፤ ሽታው የሚበረታው እዚያ ነው። አደራ፣ ፊትሽን እንዳታጨማድጂ፤ እሷ የምታየው እግሯን ሳይሆን ፊትሽን ነው። የእንግዳ እግር ማጠብ ለአያቶችሽ ክብር እንጂ ውርደት አልነበረም።

በሥራ ላይ ሳለሁ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ነበር፤ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ሳምንት ሙሉ መድኃኒት አድለው፣ ከሕፃናት ጋር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕመምተኛ ሁሉ «እነዚያ ሐኪሞች የት ሄዱ?» እያለ እኛን ናቀን። አንቺም ነጭ ጋወን ለብሰሽ ፊት ፊት አትበዪ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የማን ቤት ውኃ እንደሚቸግረው፣ ማን ጫማ ገዝቶ ለበዓል እንደሚያስቀምጠው ጠንቅቀው ያውቃሉ። አጠባውን ከእነርሱ ጋር ሥሪ፤ በየቤቱ የሚከታተሉትም እነርሱ ይሁኑ። መስከረም ላይ አንቺ ትሄጃለሽ፤ እግሩ ግን በየዕለቱ መታጠብ አለበት።

በሐምሌ ገበሬው እርሻ ላይ ስለሆነ ግቢው ጭር ቢል ሥራ የለም ብለሽ አትዘኚ። በገበያ ቀን፣ በሚካኤልና በማርያም ዕለት ወረፋው አጥር ያልፋል። ምሳሽን አስቀድመሽ ብዪ።

ሌላው የጫማው ነገር ነው። ያበጠ እግር የሚገባበት ጫማ ገበያ ላይ አይገኝም። ጫማ ሰፊውን አነጋግሬዋለሁ፤ የየሰዉን ልክ ወስደሽ ከሰጠሽው በቆዳ እሰፋለሁ ብሏል። ሶሉን ግን ከመርካቶ አምጪልኝ ይላል፤ ወፍራሙንና ሰፊውን። ገንዘቡን በባንክ እልክልሻለሁ፤ ዋጋውን ጠይቀሽ ደውይልኝ። ለራስሽም ቦት ጫማ ያዢ።

አባትሽ