ትኬቱን ልግዛ ወይስ ልተወው ላልሽኝ

ጅማ

ውዷ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራም። ከፈረንጅ አራዳ ሄርማታ ለመድረስ ባጃጅ ስትጠብቂ በስብሰሽ ነው የምትገቢው። በጣም ተጠፋፋን። ኑሮ ነው እንጂ ቂም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እማዬ እንኳን ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

መጨረሻ የጻፍሽልኝ ላይ፣ እዚያው ሎስ አንጀለስ ሆነሽ የግራሚን፣ የአሜሪካኖቹን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት፣ ትኬት ልግዛ ወይስ ልተወው ብለሽኝ ነበር። በአንድ መስመር የሚመለስ ስላልመሰለኝ ነው ደብዳቤ የያዝኩት።

ታዋቂ ሰዎችን ለማየት ብቻ ከሆነ ተዪው። ድካሙን የምታውቂለት ሰው ሲሸለም ለማጨብጨብ ከሆነ ግን ሂጂ፤ ለገንዘቡም አትሳሺ።

ይህን የምልሽ አይቼው ነው። አምና አዲስ አበባ አንድ የፊልም ሽልማት ላይ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ፣ ያ ልጅ ሆኖ ሬዲዮ እየፈታ ሲገጥም የሚውለው፣ በድምፅ ሥራ ታጭቶ ነው የሄድነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ የአልጋ፣ ከዚያ የልብስ። መጥሪያው 11 ሰዓት ይላል። ቀይ ምንጣፉ ላይ ፎቶ ሲነሱ አምሽተው ነው የተጀመረው። እኛ ከኋላ ስለተቀመጥን መድረኩ ላይ ያለው ሰው ጣት ያክላል። ተዋንያኑን ያየናቸው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ነው። ያንን ደግሞ ቤቴ ሆኜም አየው ነበር።

የድምፅ ተራ ሲደርስ ግማሹ ሰው ኮሪደር ላይ ሰልፊ ይነሳል። ስም ተጠራ፤ የእኛ ልጅ አይደለም። አክስቴ እጄን ጨመቀችኝ። እሱ ግን ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ አጨበጨበ። አሸናፊው ወደ መድረክ ሲወጣ መንገዱን ትቶ ወደ አክስቴ ልጅ መጣና አንገቱን አቀፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረው። በኋላ ስጠይቀው ለካ ሁለቱ ሥራ ሲጀምሩ አንድ ማይክ በረጅም ዘንግ እየተፈራረቁ ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆሙ ጓደኛሞች ናቸው። ሽልማቱ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ያ ዘርፍ የለም። የአሸናፊው ስም ስክሪን ላይ ብልጭ ብሎ አለፈ፣ በቃ። እኔ ግን ያችን ቅጽበት ስላየሁ ያወጣሁት ብር አልቆጨኝም።

የግራሚም ነገር እንዲሁ ነው። ከ90 በላይ ዘርፎች አሉት፤ በቴሌቪዥን የምናያቸው ግን አሥር ቢሆኑ ነው። አብዛኛው ሽልማት የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ ዋናው ዝግጅት ሳይጀመር፣ ከትልቁ አሬና አጠገብ ባለው ፒኮክ ቲያትር ነው። ጃዙ፣ የወንጌል መዝሙሩ፣ የአልበም ሽፋን የሠሩት፣ ድምፅ ያቀናበሩት እዚያ ይጠራሉ። አንዳንዱ እናቱን ይዞ የመጣ ነው። የዚያ መግቢያ ከተገኘልሽ ዓይንሽን ሳታሺ ሂጂ።

ማታ ማታማ ቴሌቪዥኑ ያዛል። አንድ ታዋቂ ሰው ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ካሜራ ባዶ ወንበር እንዳያሳይ ተብሎ ዘንጦ የቆመ ሌላ ሰው ሮጦ ይቀመጥለታል። ባለቤቱ ሲመለስ ይነሳል። ማስታወቂያ ሲገባ አዳራሹ ቆሞ ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ ያንን ሁሉ ዶላር ከፍለሽ ላይኛው ፎቅ ላይ ነሽ።

የአቤል ተስፋዬን፣ የዘፋኙን የዘ ዊኬንድን ነገር እንደምታነሺብኝ አውቃለሁ። ዓለም ሁሉ እየዘፈነለት እ.ኤ.አ. ለ2021ዱ ግራሚ አንድም ዘርፍ ላይ ሳይታጭ ሲቀር ምን ያህል እንደተናደድሽ አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን አላቀርብም ብሎ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሳይነገር ድንገት መድረኩ ላይ ወጥቶ ዘፈነ። እዚያ ብሆን ኖሮ እኔም በእልልታ አቀልጠው ነበር። ግን እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድመሽ አውቀሽ ትኬት አትገዢለትም። እሱን ለማየት ከሆነ የራሱን ኮንሰርት ግቢ። ቢያንስ እዚያ ሙሉ ምሽቱ የእሱ ነው።

የፊልሙን ሽልማት ኦስካርንም እንዳታስቢው፤ ትኬት አይሸጥም፣ በጥሪ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሲጀመር ግን 5 ዶላር የከፈለ እራት በልቶ ሽልማቱን ያይ ነበር። ሽልማቱ 15 ደቂቃ ፈጅቶ አለቀ ይባላል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ሂጂ ብዬ እገፋፋሽ ነበር፤ ትንሽ ክፍል፣ የሚተዋወቅ ሰው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ፊት ለፊት።

እና እህቴ፣ የከሰዓቱን ሞክሪ። ማታውን ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ቤት እዩት። ግራሚ ሲጀምር እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ መብራት ካልጠፋ እኔም እነሳለሁ። ከገባሽ ጫማሽ ጠፍጣፋ ይሁን፣ በልተሽ ሂጂ፣ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ሳያሸንፉ የቀሩትን ደግሞ ደህና አድርገሽ እዪልኝና ጻፊልኝ።

እስከዚያው ደህና ሁኚልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ፣
የጅማዋ ጓደኛሽ