ሮሜዎን ሴት ትዘፍነዋለች

ይድረስ ለውድ እህቴ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ለፈተና ስለ ደረሰሽ ስለ «ኦ ኳንቴ ቮልቴ»፣ ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤሊኒ ስላዘጋጀው ዘፈን፣ የጠየቅሽኝን ዘርዘር አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ በከበደ ሚካኤል ትርጉም ያነበብነውን ሮሜዎና ዡልየት ለጊዜው ከሐሳብሽ አውጪው። ዘፈንሽ ያለበት ኦፔራ፣ «ካፑሌቲና ሞንቴኪ»፣ ከሼክስፒር የተቀዳ አይደለም፤ ግጥሙን የጻፈው ፌሊቼ ሮማኒ የተነሣው ጣሊያኖች ራሳቸው ሲተርኩት ከኖሩት ነው። የሰገነቱ ትዕይንት የለም፤ ሞግዚቷም የለችም። ሎሬንዞ መነኩሴ ሳይሆን ሐኪም ነው። ዋና ዘፋኞቹ 5 ብቻ ናቸው።

ጠቡም የሁለት ቤት ኩርፊያ እንዳይመስልሽ። ካፑሌቲዎቹ ጌልፊ የሚባሉት የሮማው ጳጳስ ወገኖች ናቸው፤ ሞንቴኪዎቹ ደግሞ ጊቤሊኒ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ወገን። ሮሜዎ የጊቤሊኒዎቹ የጦር መሪ ሲሆን የዡልየትን ወንድም በውጊያ ገድሏል፤ በእኛ አነጋገር ደመኛ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ፍቅራቸው የቆየ ነው፤ እንዴት እንደ ተዋደዱ የሚነግረን የለም። ሮሜዎ ማንነቱን ደብቆ፣ የራሱ መልእክተኛ መስሎ አባትየው ካፔሊዮ ዘንድ ይገባል፤ «በሞተው ልጅህ ፈንታ ሮሜዎን ልጅ አድርገው» ብሎ ዕርቅ በጋብቻ ይለምናል። ካፔሊዮ ግን ልጁን ከራሱ ወገን ለሆነው ለቴባልዶ ሰጥቷል።

ያንቺ ዘፈን፣ «ኦ ኳንቴ ቮልቴ»፣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዡልየት የሠርግ ልብስ ለብሳ ብቻዋን ናት፤ ራሷን ለመሠዊያ ከተሸለመ መሥዋዕት ጋር ታመሳስላለች። ጥቂት ቆይቶ ሮሜዎ በስውር በር ገብቶ «እንጥፋ» ሲላት የአባቷን ክብር አስባ እምቢ ትለዋለች። ይህን ካላወቅሽ ዘፈኑን የናፍቆት እንጉርጉሮ ብቻ ታደርጊዋለሽ። ናፍቆት አለበት፤ ከሥሩ ግን ወዴትም መሄድ የማትችል ሴት አለች።

ዜማው ለዚህ ኦፔራ የተፈጠረ አይደለም። ቤሊኒ እ.ኤ.አ. በ1825 ኔፕልስ ተማሪ ሳለ ከጻፈው ኦፔራ፣ ከ«አዴልሶንና ሳልቪኒ»፣ ያወጣው ነው። ቬኒስ የሚገኘው ላ ፌኒቼ ቴአትር ሥራውን ሲሰጠው የነበረው ጊዜ ወር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፓርማ ላይ ከወደቀበት ኦፔራው፣ ከ«ዛይራ»፣ ብዙ ዜማ ገልብጦ አስገባ። መጋቢት 11 ቀን 1830 እ.ኤ.አ. ታየና ተወደደ። እኔ በዚህ አላማውም፤ ጥሩ ዜማ በወደቀ ሥራ ውስጥ ተቀብሮ ከሚቀር ይሻላል።

አሁን ወደ አዘፋፈኑ። ከመዝፈንሽ በፊት ቃሉን እንደ ንግግር ደጋግመሽ በዪው። ጣሊያንኛ «ሲ» እና «ኤች» ተከትለው ሲጻፉ «ክ» ናቸው፣ «ች» አይደሉም፦ «ቲ ኪዬዶ አል ቼል»። እዚያው መስመር ላይ «ቼል» ደግሞ ያለ «ኤች» ተጽፎ «ች» ይሆናል። እንግሊዝኛ የለመደ ሁሉ ሁለቱን ያገላብጣቸዋል። «ት»ን ስትይ ትንፋሽ አይከተለው፤ «ጥ»ም አይሁን። ማጥበቅና ማላላቱ ግን ለእኛ አይከብድም፤ «ራጆ» ላይ «ጆ»ን፣ «ብሪላር» ላይ «ላ»ን አጥብቂ።

ቀጥሎ ቃሉን ትተሽ ዜማውን በ«አ» ብቻ ዝፈኚው። የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ ነው፦ ያዘነች ለመምሰል ዝግ እያልሽ ስትሄጂ ሐረጉ ሳያልቅ አየርሽ ያልቃል፤ ያኔ ድምፁ ይወርዳል። መውረዱን ብቻሽን በምትዘፍኚበት ቦታ አታውቂውም፤ ፒያኖው ተመልሶ ሲገባ ያጋልጥሻል። ስለዚህ ከምትፈልጊው ትንሽ ፈጠን አድርገሽ አጥኚው።

ለፒያኒስትሽም ንገሪያት፦ መግቢያው ላይ ያለው ረጅሙ ዜማ የቀንድ መለከት ነው፤ በአንድ ድምፅ፣ ሳይቆረጥ፣ ፔዳሉን ሳታበዛ ትጫወተው። ዘፈኑን የሚያጅበው የፈረንጅ በገና (ሃርፕ) ነው፤ በዚያ ቦታ መቸኮል የፒያኒስቶች ሁሉ ልማድ ነው።

ሮሜዎን ሴት መዝፈኗ አስቆሻል። የመጀመሪያዋ ሮሜዎ ጁዲታ ግሪዚ ነበረች፤ ያኔ ለጆሮ እንግዳ አልነበረም። ጥቅሙ የገባኝ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ነው፦ ሁለቱ ወገኖች ሰይፍ መዝዘው ሲጯጯሁ ፍቅረኞቹ አንዱን ዜማ በአንድ ከፍታ ላይ፣ በአንድ ላይ ይዘፍናሉ። ሁለት የሴት ድምፆች ስለሆኑ ይዋሃዳሉ፤ አንዷ በጥቂቱ ብታዘነብል ግን ወዲያው ይሰማል። የኦርኬስትራ መሪው ክላውዲዮ አባዶ በ1966 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ባለው ላ ስካላ ቴአትር ሮሜዎን ለቴኖር፣ ቀጭን ድምፅ ላለው ወንድ ዘፋኝ፣ ሰጥቶት ነበር። የወንድ ድምፅ አንድ ኦክታቭ (የስምንት ድምፅ ርቀት) ዝቅ ስለሚል ያ ውህደት ይፈርሳል፤ እኔ አልወደድኩትም።

የመጨረሻውን የመቃብር ትዕይንት ዘፋኟ ማሪያ ማሊብራን በ1832 እ.ኤ.አ. ቦሎኛ ላይ በቫካይ ዜማ ተክታው ነበር፤ ቫካይ በዚያው ታሪክ ላይ ቀድሞ ኦፔራ የጻፈ ነው፣ የድምፅ ተማሪዎች የሚለማመዱባት የትንሿ መጽሐፍ ባለቤት። ልማዱም ለብዙ ዓመት ዘለቀ። አንቺ የቤሊኒን ስሚ። ሮሜዎ መርዙን ከጠጣ በኋላ ዡልየት ትነቃለች፤ በሕይወት ይገናኛሉ። ዜማው እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ማጀቢያውም ይሳሳል። ካፔሊዮ ሬሳዎቹን አይቶ «ማን ገደላቸው?» ሲል የቆሙት ሁሉ «አንተ፣ ጨካኝ!» ይሉታል። መጋረጃው ወዲያው ይወርዳል።

ፒያኖ አግኝተሽ ስትለማመጂ በስልክ ቅጂና ላኪልኝ፤ «ኪዬዶ»ን መጀመሪያ እሰማለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣ ከቬኒስ